እንዴት ይሠራል? አሮጌ ሞተር ጀልባ በጣና ላይ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ራቅ ብሎ ወደ ደቅ ደሴት ከሚመላለሱት ትንንሽ ሞተር ጀልባዎች መካከል ብዙ ዓመት የሠሩ አሉ። ገላቸው ተደጋግሞ ቀለም የተቀባ፣ ሞተራቸው ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው የተሻገረ ነው። እንዲህ ያለው ጀልባ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ጭሱ ሲበዛ ወይም መሀል ሐይቅ ላይ ቀጥ ሲል ባለቤቱ ወደ መካኒክ ይሄድና የፈራውን ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ጉልበቱ አልቋል መሰለኝ። ሸጬው ትልቅ ልግዛ?»

ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሳል።

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ውኃውን ደህና ይተፋል? ካንዴላውስ ምን መልክ አለው?»

መካኒኩ ልክ ነው። አሮጌ ሞተር ጀልባን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ሳይሆን ጥቂት ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፦ የውኃ ፓምፕ ጎማ፣ የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ፣ አረንጓዴ ዝገት የበላው የሽቦ ጫፍ፣ የተቆረጠ የዘይት ማገጃ። ጣና ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ሞተሩ ከፋብሪካ የሚወጣው ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ነው፤ ሐይቁ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህን ሳያስተካክሉ ትልቅ ሞተር መግዛት ገንዘብን ሐይቅ ውስጥ መወርወር ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመጨመር በፊት ያለውን ወደ ጤናው መመለስ ይቀድማል። ማሻሻያውም ቢሆን ቅደም ተከተል አለው።

ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር

በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ታስሮ የሚንጠለጠለው ሞተር አውትቦርድ ይባላል። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቭንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 የራሱን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ መሠረታዊ ቅርጹ ያው ነው። ሦስት ክፍል አለው። የላይኛው ራሱ ነው፤ ሲሊንደሮቹ፣ ካርቡራተሩና ካንዴላዎቹ እዚያ ናቸው። መካከለኛው አንገቱ ነው፤ ኃይሉን ወደ ታች የሚያወርደው ቋሚ ዘንግ፣ ሽቅብ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውኃና ቁልቁል የሚወርደው ጭስ በውስጡ ያልፋሉ። የታችኛው እግሩ ነው፤ ውኃ ውስጥ ይዘፈቃል። በውስጡ ያሉት ማርሾች የቋሚውን ዘንግ ዙረት ወደ አግድም ለውጠው ፕሮፔለሩን ያሽከረክራሉ።

በየሐይቁ ዳር የሚገኙት አሮጌ ሞተሮች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው። እንደ መኪና ለብቻው የሚጠራቀም የሞተር ዘይት የላቸውም፤ ፒስተኑ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ራዲያተርም የላቸውም፤ ውኃ ከሐይቁ እየሳቡ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያዞሩና መልሰው ይተፉታል። ውኃ፣ አየር፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ከተሟሉ ሞተሩ ይሠራል። ሲበላሽም ምክንያቱ የሚፈለገው በእነዚህ በአራቱ በኩል ነው።

መጀመሪያ ውኃው

ሞተሩ ሲነሣ ከጎኑ በቀጭኑ የሚወረወር ውኃ ይታያል። ፓምፑ እየሠራ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ውኃው ከደከመ፣ ከተቆራረጠ ወይም በእንፋሎት ከተተካ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ «ትንሽ ልድረስና» ማለት ፒስተን ያስበላል። ከፍታው እዚህም ላይ ይገባል። በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የጋለ ሞተር ውስጥ ያለ ውኃ ቶሎ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ የውኃን ያህል ሙቀት ተሸክሞ አይወጣም።

ውኃው ሲደክም መጀመሪያ የመውጫው ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይጠረግ፤ ብዙ ጊዜ የዘጋው ጭቃ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ካልሆነ ነገሩ ፓምፑ ጋ ነው። ፓምፑ በእግሩ አናት ላይ፣ ቋሚው ዘንግ በሚያልፍበት ቦታ ተቀምጧል። ውስጡ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ የጎማ መዘውር አለ። መዘውሩ የሚሽከረከረው ወደ አንድ ጎን ጠበብ ባለ ክብ ቤት ውስጥ ስለሆነ ክንፎቹ በጠባቡ በኩል ይታጠፋሉ፣ በሰፊው በኩል ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉ ውኃ ይስባሉ፣ ሲታጠፉ ይገፋሉ። የሚያለሰልሳቸውም ያው የሚያልፈው ውኃ ነው። ሞተሩን ከውኃ ውጪ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ማስነሣት ጎማውን ሊያቃጥለው ይችላል። በክረምት ወንዞች ወደ ጣና የሚያስገቡት ደለል ደግሞ ጎማውንም ቤቱንም ይሞርዳቸዋል።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ የካንዴላ ሽቦዎቹ ይነቀላሉ። የማርሽ መለወጫው ዘንግ ይላቀቅና እግሩን ከአንገቱ ጋር ያያያዙት ቡሎኖች ሲፈቱ እግሩ በቀጥታ ቁልቁል ይወጣል። የፓምፑ ክዳን ሲነሣ መዘውሩ ፊት ለፊት ነው። ክንፎቹ ከታጠፉበት አልመለስ ካሉ፣ ከሥራቸው ከተሰነጠቁ ወይም ጫፋቸው ጠቁሮ ከደረቀ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ክንፍ የጎደለው ከሆነ የጎደለው ቁራጭ ተፈልጎ ይገኝ፤ ሽቅብ ሄዶ የውኃውን መንገድ ከዘጋ አዲሱ ፓምፕ ከንቱ ነው። መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ የጥፍር ያህል ብረት አለ፤ እሱ ከወደቀ ዘንጉ እየዞረ መዘውሩ ይቆማል። ስለዚህ ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ከሥር ጨርቅ ማንጠፍ ይበጃል።

አዲሱ መዘውር በሳሙና ውኃ ይረጥባል። ቤቱ ወደ ታች እየተጫነ ዘንጉ በእጅ በሞተሩ አዟዟር፣ ማለትም በአብዛኞቹ ሞተሮች ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ፣ ይሽከረከራል፤ ክንፎቹ በትክክለኛው በኩል የሚታጠፉት ያን ጊዜ ነው። የቤቱ ግድግዳና የታችኛው ሳህን በጥፍር ሲዳሰሱ ቦይ ካላቸው አብረው ይቀየሩ፤ በዚያ ቦይ ውኃው ሾልኮ ስለሚመለስ አዲሱ ጎማ ብቻውን ምንም አያደርግም። ከተገጠመ በኋላ እግሩ ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ይፈተሻል። በየቀኑ ለሚሠራ ጀልባ ይህን ጎማ በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። ከአንድ የተቃጠለ ፒስተን ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

ሞተር ከቤንዚን ሌላ አየርም ያስፈልገዋል። በጣና ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። የተለመደው የግምት ስሌት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል ይላል፤ በ1,800 ሜትር 18 በመቶ መሆኑ ነው። ክዳኑ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው ማለት ነው። አዲስ ቢሆንም ያው ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ይህን አለማወቅ ጤነኛ ሞተር ያስጥላል። የሲሊንደር ግፊት በመለኪያ ሲታይ መመሪያው 120 ፒኤስአይ የሚል ከሆነ ባሕር ዳር ላይ 96 ገደማ ቢነበብ ከፍታው የወሰደው ነው። የሞተሩን ጤና የሚነግረን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለት ሲሊንደሮች 96 እና 94 ቢያነቡ ጥሩ ነው፤ አንዱ 96፣ ሌላው 70 ከሆነ ግን ያኛው የተበላ ቀለበት ወይም የተቃጠለ ጋስኬት አለው። ሁለተኛ እጅ ሞተር የሚገዛ ሰው ይህን መለኪያ ሳያይ ገንዘብ አይቁጠር።

ከፍታው የሚያዛባው ሁለተኛ ነገር የካርቡራተሩ የአየርና የቤንዚን ድልድል ነው። አየሩ ሲሳሳ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትለካው ቀዳዳ ልክ ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ ለአየሩ መጠን ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ያስላል፣ ቤንዚኑም ያለ ጥቅም ይወጣል። መፍትሔው የሞተሩ መመሪያ ለከፍታ ቦታ የሚያዝዘውን ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ ማስገጠም ነው። በደንብ የሚቃጠል ካንዴላ ቡናማ መልክ ያወጣል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲያንስ አብሮት የሚገባው ዘይትም ያንሳል። ለጣና የተስተካከለ ሞተር 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጫሞ ሐይቅ ከተወሰደ ቀዳዳው መልሶ መስፋት አለበት፤ አለዚያ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል።

ሦስተኛው ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ አንዱ ስፋቱ ነው፣ ሌላው በአንድ ዙር ወደፊት ሊገፋ የሚችለው ርቀት በኢንች ነው፤ ይህኛው ፒች ይባላል። ባለ 13 ኢንች ፒች ፕሮፔለር ውኃው ባያሾልከው ኖሮ በአንድ ዙር 13 ኢንች ይሄድ ነበር። ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር ይህን ትልቅ እርምጃ ማዞር ያቅተዋል፤ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ከሚገባው ዙር በታች ይንገዳገዳል። እንዲህ እየተጨነቀ የሚሠራ ሞተር ይግላል፣ ጥቀርሻ ያከማቻል፣ ያለ ዕድሜውም ያረጃል። ሹፌር ዳገት ሲገጥመው ማርሽ እንደሚቀንስ ሁሉ እዚህም ፒቹ መቀነስ አለበት። አንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ገደማ ይጨምራል፤ በጣና ከፍታ አንድ ወይም ሁለት ኢንች መቀነስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በግምት እንዳይሆን በካንዴላ ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ዙር የሚቆጥር ርካሽ መለኪያ አለ። ጀልባው እንደ ወትሮው ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ነዳጁ ሙሉ ተከፍቶ ዙሩ ይነበብና መመሪያው ከሚፈቅደው ክልል ጋር ይነጻጸራል። አሮጌ ጀልባ በአነስተኛ ወጪ ጉልበቱ የሚመለስለት ብዙውን ጊዜ በዚህች ለውጥ ነው።

ቤንዚንና ዘይት

ለብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ድልድሉ 50 ለ1 ነው፤ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት። የእናንተን ሞተር ትክክለኛ ልክ መመሪያው ይናገራል። በዓይን መጠን መጨመር አይሠራም፤ ሲያንስ ፒስተን ይነክሳል፣ ሲበዛ ካንዴላ ይዘጋል። የዘይቱም ዓይነት ይለያል። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀው በአየር ለሚቀዘቅዝና ለሚግል ሞተር የታሰበ ሲሆን ሲቃጠል አመድ የሚተው ቅመም አለበት። አውትቦርድ በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ያ አመድ ካንዴላውና ፒስተኑ ላይ ይቀራል። የሚፈለገው ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብልዩ 3 የሚል ምልክት ያለበት ነው።

መሀል ሐይቅ ላይ ለሚጠፋ ሞተር ሌላው ተጠርጣሪ የቤንዚኑ መንገድ ነው። የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ካልተከፈተች ቤንዚኑ ሲጎድል ታንከሩ ይጨመቅና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ይቆማል። በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ኳስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ኳሱ ሲሞላ የማይጠነክር ከሆነ የውስጡ መዝጊያ ደክሟል ወይም ቱቦው አየር ያስገባል። ቱቦውን አጥፎ ማየት ነው፤ ስንጥቅ ካለ በፕላስተር አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ቤንዚን በጀሪካን እየተገዛ ሲቀመጥ ውኃና ዝቃጭ ይገባበታል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንከሩ ወለል ላይ ይተኛና ማዕበል ሲነሣ፣ ማለትም ሞተሩ ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ወደ ካርቡራተሩ ይሳባል። ከታንከሩና ከሞተሩ መካከል ውኃ የሚለይ ማጣሪያ ማስገባት ለአሮጌ ጀልባ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ቀላሉና ጠቃሚው ነው። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ ቤንዚን ሲቀዳ ሰው ይውረድ፣ ሲጋራ ይጥፋ፤ ከዚያም ሽታው እስኪጠፋ ጀልባው ይናፈስ።

እግሩና እምቦጩ

የእግሩ ማርሾች በራሳቸው ዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። ዘይቱን ለማየት የታችኛው ቡሎን ቀድሞ ይፈታል፣ ከዚያ የላይኛው። ጥቁር ከሆነ አርጅቷል፤ ነጥቶና ደፍርሶ ከወጣ ግን ውኃ ገብቷል። ያ ማለት የፕሮፔለሩን ዘንግ የከበበው የዘይት ማገጃ ጎማ ተቆርጧል፤ ዘይት ቀይሮ ዝም ማለት ማርሾቹን ለዝገት መስጠት ነው። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው፤ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ በታችኛው ይገፋል፤ አየሩ ጠቅልሎ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። የሁለቱ ቡሎኖች ቀለበቶችም በየጊዜው አዲስ ይሁኑ።

ማገጃውን የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ የዓሣ መረብ ክር ነው። እንደ እምቦጭ ያለ የውኃ አረምም ሌላው የእግሩ ጠላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ ረጃጅም ሥሮቹ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ቅጠሉና ግንዱ የውኃ መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በውኃ መሀል በውኃ ጥማት ይቃጠላል። አረም ውስጥ የገባ ጀልባ ነዳጅ መጨመር የለበትም፤ ሞተሩን ከማርሽ አውጥቶ፣ ለአፍታ ወደ ኋላ አዙሮ፣ ካልተላቀቀ አጥፍቶና ከነጂው ጋር የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድ ነቅሎ ብቻ በእጅ ማጽዳት ነው። በየጊዜው ፕሮፔለሩ ተነቅሎ ከጀርባው የተጠመጠመው ክር ይውጣ፤ ዘንጉ ግሪስ ይቀባ። ከጀልባው የተጠረገው እምቦጭ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ አይጣል፤ ተክሉ ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። ጀልባዎች ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሊያዛምቱት ይችላሉ፤ ጣናን የሚወድ ጀልባ ነጂ ይህን አይርሳ።

እግሩ ላይ የተገጠመች ሌላ ትንሽ ብረትም አለች፤ ሥራዋ በአልሙኒየሙ ፋንታ መበላት ነው። የተለያዩ ብረቶች ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና አንዱ ብረት ይበላል። ለባሕር የሚገጠመው ዚንክ በጨው አልባ ውኃ ላይ ቅርፊት ያወጣና ሥራውን ያቆማል። ለጣና የሚሆነው ማግኒዚየም ነው። ከባሕር አገር የመጣ አሮጌ ሞተር ዚንኩን እንደያዘ ስለሚመጣ መቀየሩ አይዘንጋ። ግማሽዋ ከተበላ ጊዜዋ ደርሷል። ቀለም መቀባት ግን የለባትም፤ ከተቀባች አትሠራም።

ኤሌክትሪኩ የት ይጠፋል?

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆንና ሲያርፍ 12.7 ቮልት ገደማ ያነባል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። አሮጌ ጀልባ ላይ ግን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከጀልባው ሆድ ውኃ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚንቀረፈፍበት፣ መብራቱ የሚደበዝዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት በአገር ውስጥ የሚሸጥ ተራ የቮልት መለኪያ ይበቃል። ፓምፑ እየሠራ ሳለ መለኪያው መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ከዚያ ፓምፑ ራስ ላይ ይደረግ። ባትሪው ላይ 12.6፣ ፓምፑ ላይ 10.5 ቢያነብ 2.1 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ፓምፑ 5 አምፔር የሚስብ ከሆነ ከ10 ዋት በላይ የሚሆነው ኃይል በአንድ የዛገ መገጣጠሚያ ወይም በቀጠነ ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል ማለት ነው። መለኪያውን ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ማራመድ ሌባውን ያስይዛል።

ፈውሱ አዲስ ባትሪ አይደለም። የዛገው ጫፍ ተቆርጦ ይጣል፤ ሽቦው ብሩህ መዳብ እስኪታይ ይላጥ፤ በመግጠሚያ ተጨምቆ በሚኮማተር ፕላስቲክ ይሸፈን። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ እርጥበት ያስገባል። ከባትሪው የሚወጣ እያንዳንዱ መስመር በባትሪው አቅራቢያ ፊውዝ ይኑረው፤ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ሲነካካ ቤንዚን በጫነ ጀልባ ላይ እሳት ያስነሣል።

ማሻሻል፦ ምን ይቅደም?

ያለው ዕቃ ጤነኛ ሲሆን ለማሻሻያ የተቀመጠው ገንዘብ ወዴት ይሂድ? መልሱ፦ መጀመሪያ ሰው ወደሚያድነው፣ ቀጥሎ ሞተሩን ወደሚጠብቀው፣ መጨረሻ ወደ ፍጥነት።

ከሁሉ የሚቀድመው የሞተሩን ክብደት የተሸከመው የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች የግድግዳው ውስጥ እንጨት ነው፤ በቡሎን ቀዳዳ የገባ ውኃ ከውጪ ሳይታይ ያበሰብሰዋል። በመዶሻ እጀታ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ብሎ ከመለሰ አጠራጣሪ ነው። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቶ እግሩን በእጅ ወደ ታች መጫንም ይቻላል፤ ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ አዲስ ሞተር የሚባል ነገር ከጥገናው በፊት አይታሰብ።

ሁለተኛው ከጀልባው ሆድ ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ዓይን ይገልጣል። ከውኃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ቢከፈት በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ውኃ ያስገባል። በሰዓት 1,900 ሊትር ያወጣል ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ፓምፕ በደቂቃ 32 ሊትር ገደማ ነው፤ ያም ውኃውን ሽቅብ ሳይገፋ፣ ባትሪው ሙሉ ሳለ። በተግባር ከዚያ ብዙ ያንሳል። ስለዚህ የፓምፑ አቅም ከሚያስቡት ከፍ ያለ ይሁን፤ ውኃ ሲጨምር ራሱ የሚነሣበት ተንሳፋፊ ማብሪያ ይኑረው፤ ባልዲና ቀዳዳ የሚደፍን የእንጨት ሽብልቅም ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ይቀመጥ።

ሦስተኛው የማጥፊያው ገመድ ነው። አንድ ጫፉ ከሞተሩ ቁልፍ፣ ሌላው ከነጂው እጅ ወይም ወገብ ይታሰራል፤ ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ በቅጽበት ይጠፋል፤ ባይጠፋ ጀልባው እየተሽከረከረ ተመልሶ ራሱን ነጂውን ሊመታው ይችላል። በአሮጌ ጀልባ ላይ ገመዱ ጠፍቶ ማብሪያው በሽቦ ታስሮ ከተገኘ በዚያው ቀን ይስተካከል። የሕይወት አድን ጃኬትም ያረጃል፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ወይም ስፖንጁ የደረቀ ጃኬት መቀመጫ ከመሆን አያልፍም። ለልጆች በልካቸው ይኑር።

አራተኛው መብራት ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ጀልባ በሌሊት በግራዋ ቀይ፣ በቀኝዋ አረንጓዴ፣ ከዙሪያ የሚታይ ነጭ መብራት ታበራለች። በኤልኢዲ መቀየር ከባትሪው የሚሳበውን እጅግ ስለሚቀንስ 20 ዋት የሆነ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ከመቆጣጠሪያው ጋር ተገጥሞ ባትሪውን ቀን ቀን ሞልቶ ያቆየዋል።

ሞተር መቀየር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔም ጥያቄው ትልቅ ይሁን የሚለው ብቻ አይሆንም። ካርቡራተር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ አንድ አራተኛው ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ውኃው ሊሄድ ይችላል። ያ ውኃ በዙሪያው ያለ ሕዝብ ዓሣ የሚያጠምድበት፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ቤንዚን ይቆጥባል፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፣ ሐይቁንም ይራራለታል። በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ የሚረጭ ከሆነ ድልድሉን ለከፍታው በራሱ ያስተካክላል፤ የሌለውን አየር ግን አይፈጥርም፤ የጉልበቱ ቅናሽ ለእሱም ያው ነው፣ ፕሮፔለሩም ይመረጥለት። በ40 የፈረስ ጉልበት ደረጃ 20 ኪሎ ገደማ ስለሚከብድ የኋላው ግድግዳ ይቻለው እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ። የሞተር ዘይቱም በየጊዜው ይቀየራል፤ መለዋወጫና የሚያውቀው መካኒክ በአቅራቢያ መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት ጸጸት ያመጣል።

ተሳፋሪ ሆናችሁ ስትገቡ

ጀልባ የሌላችሁም ይህን ዕውቀት ትጠቀሙበታላችሁ። ወደ ጣና ገዳማት ለመሳለምም ሆነ ለጉብኝት ስትሳፈሩ፣ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት አራት ነገር ማየት መብታችሁ ነው፦ ከሞተሩ ጎን ውኃ በብርታት ይወጣል? የማጥፊያው ገመድ ነጂው ላይ ታስሯል? ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሚሆን ጃኬት አለ? ከእግራችሁ ሥር ውኃ ተጠራቅሟል? የጎደለ ነገር ካያችሁ ነጂውን በአክብሮት ጠይቁ። ጣና ጠዋት የረጋ ቢመስልም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ከዚያ በፊት መነሣትና መመለስም የጥንቃቄው አካል ነው።

ጥሩ ነጂ በጥያቄው አይቀየምም። ውኃ የሚተፋ ሞተርና ውኃ የማያስገባ ሆድ ያለው ጀልባ ዕድሜው ስንትም ይሁን ሰው ይዞ ሄዶ ሰው ይዞ ይመለሳል። እነዚህን ትንንሽ ዕቃዎች በየዓመቱ እየቀየረ፣ ማርሹን እያየ፣ ሽቦውን እያጸዳ ጀልባውን የሚያቆይ ባለቤት ሊከበርና ደንበኛ ሊበዛለት ይገባል፤ ተሳፋሪው የሚያየውን ካወቀ ደግሞ ጥንቃቄው ለባለቤቱም ገበያ ይሆንለታል።